በእንግዶች መካከል የተቀበረ ሐበሻ

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት፣ ከአውራንጋባድ ከተማ ተነስቶ ወደ ኤሎራ ዋሻዎች የሚጓዝ ሰው መንገዱ በዳውላታባድ አምባ ሥር ያሳልፈዋል። አምባው ከሜዳው ተገንጥሎ ብቻውን የቆመ፣ ዙሪያው ተጠርቦ ገደል የተደረገ ድንጋይ ነው፤ የወሎን ተራሮች የሚያውቅ ሰው መቅደላን ሳያስታውስ አያልፈውም። ከዚያ መንገዱ ዳገት ይወጣና በአሮጌ የግንብ ቅጥር ወደተከበበች ኹልዳባድ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይዘልቃል። አስጎብኚዎች እዚህ ቢቆሙ ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጎብኚዎቻቸውን የንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብን መቃብር አሳይተው ወደ ኤሎራ ይቸኩላሉ። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ በድንጋይ የተሠራ ባለ ጉልላት ቁባ መኖሩን ብዙዎቹ ሳያውቁ ይሄዳሉ። ቁባው የማሊክ አምባር ነው፤ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት ተወስዶ፣ በዴካን አንድን መንግሥት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በእጁ ያቆመ ሰው።

ስለ ማሊክ አምባር በአማርኛ ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው ግን ስለ ጦርነቱ ነው። መቃብሩ የት እንዳለ፣ በማን ጎረቤት እንደተቀበረ፣ ለምን እዚያ መቀበር እንደመረጠ የሚነገረው ጥቂት ነው። አንድ ሰው የትም ሊወለድ ይችላል፤ የትውልድ ቦታውን አይመርጥም። አምባር ባሪያም ለመሆን አልመረጠም፤ ወደ ህንድም ሲመጣ የጠየቀው አልነበረም። መቃብሩን ግን በሕይወት ሳለ አሠርቶታል። ከሕይወቱ ውሳኔዎች ውስጥ ያለ ጌታ፣ ያለ ሱልጣን፣ ያለ ጦርነት ግዳጅ የወሰነው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የከተማዋ ስም የመጣው አውራንግዜብ ከሞተ በኋላ ከተሰጠው “ኹልድ መካን” ከሚል ማዕረግ ነው፤ ማደሪያው በዘላለም ቤት የሆነ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ራውዛ ትባል ነበር። ራውዛ በዐረብኛ የአትክልት ስፍራ ነው፤ በሙስሊሞች ልማድ ደግሞ የደጋግ ሰዎች መቃብር መጠሪያ ሆኗል። የአገሩ ሰው በኮረብታው ላይ 1,400 ወሊዮች ተኝተዋል ይላል። ቁጥሩን መቁጠሪያ አድርጎ የሚወስደው የለም፤ “ብዙ” ለማለት ነው። ነገር ግን ዳርጋ ተብለው የሚጠሩት የሼኾች መቃብሮች፣ በዙሪያቸው ያሉት መስጊዶች፣ ስም የሌላቸው በነጭ ኖራ የተቀቡ ትናንሽ ቀብሮች ተደማምረው ሲታዩ ሰዎች ለምን ያን ቁጥር እንደመረጡ ይገባል።

ከሼኾቹ ሁሉ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው ቡርሃኑዲን ገሪብ ናቸው። በ1337 አረፉ (እዚህ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በዴልሂ የታላቁ ሼኽ ኒዛሙዲን አውሊያ ሙሪድ ነበሩ፤ ጣሪቃቸውም ቺሽቲያ ነው። ቺሽቲዎች ከሌሎች ጣሪቃዎች የሚታወቁበት ነገር ቢኖር ለዜማ ያላቸው ፍቅር ነው። ግጥም በዜማ ሲባል ልብ ወደ ፈጣሪ ይነሳል ብለው ያምናሉ፤ ቡርሃኑዲንም በዚህ ከሁሉ የባሱ ነበሩ ይባላል። የወሎን መንዙማ ለሰማ፣ ሐድራ ላይ ድቤ ሲመታ ላደረ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም፤ ዕቃውና ቋንቋው ይለይ እንጂ።

“ገሪብ” የሚለው ቅጽል እንግዳ፣ ከአገሩ የራቀ ማለት ነው። ቡርሃኑዲን ይህን ስም የያዙት ለጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ታሪክ ግን ቃሉን በላያቸው አጸናባቸው። በ1327 ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደ ዳውላታባድ አዛወረ። ሹማምንቱን፣ ዑለማውን፣ ሼኾችንና ባለቅኔዎችን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ እንዲጓዙ አዘዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐሳቡ ከሸፈ፤ መመለስ የፈለገ እንዲመለስ ተፈቀደ። የተመለሰ ተመለሰ፤ ቡርሃኑዲን ግን ቀሩ። ከእሳቸው ጋር ከተጓዙት አንዱ ባለቅኔው አሚር ሐሰን ሲጅዚ ነው። አሚር ሐሰን የኒዛሙዲንን የጉባኤ ንግግር ከ1308 እስከ 1322 እየተከታተለ የጻፈ ሰው ነው፤ መጽሐፉ “ፈዋኢዱል ፉአድ” ይባላል። ወዳጁ አሚር ኹስረው በዴልሂ ከሼኹ እግር ሥር ተቀበረ፤ አሚር ሐሰን ደግሞ በዚህ ኮረብታ ላይ፣ ከሼኹ መቃብር ይህን ያህል ርቆ። ሁለቱም ያንኑ ሰው ወደዱ፤ አንዱን ሞት ሌላውን የንጉሥ ትእዛዝ ለየው።

የኹልዳባድ አፈ ታሪክ ግን ስለ ንጉሥ ትእዛዝ አይናገርም። በአፈ ታሪኩ ሼኽ ኒዛሙዲን በመጀመሪያ የቡርሃኑዲንን ታላቅ ወንድም ሙንተጀቡዲንን ከ700 ሙሪዶች ጋር ወደ ደቡብ ላኩ፤ እሳቸው ሲያርፉ ቡርሃኑዲንን ተኩ ብለው አሰናበቱ። ሙንተጀቡዲን “ዘርዘሪ ዘርበኽሽ” ይባላሉ፤ ወርቅ ሰጪው ማለት ነው። የኹልዳባድን ጽሑፎች አንድ በአንድ የመረመረው አሜሪካዊው የሱፊ ታሪክ አጥኚ ካርል ኧርንስት እንዳሳየው ግን ይህ የመላክ ታሪክ በጊዜው በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ የለም፤ ከዘመን በኋላ ያደገ ነው። በሥልጣን ተገድዶ መጓዝ በሼኽ ትእዛዝ መላክ ሆኖ ተተረከ። ግዞቱ ተልእኮ ሆነ።

ይህ በኢትዮጵያ የገድል ሥነ ጽሑፍም የሚታወቅ ነገር ነው። ተሰዓቱ ቅዱሳን ከባሕር ማዶ ለምን መጡ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ገድሎቻቸው የተጻፉት ከመጡ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነውና፣ መልሱ ሁልጊዜ መለኮታዊ ጥሪ ነው። በአገራቸው ምን ገጠማቸው፣ ማን አሳደዳቸው የሚለው ወደ ኋላ ይቀራል። ስደተኛ ሆኖ የመጣ ሰው መቃብሩ መሳለሚያ ሲሆን ስደቱ ሳይሆን መምጣቱ ብቻ ይታወሳል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ውሸት ማለት አይበቃም። ሰው ከተገፋበት መንገድ ላይ ትርጉም ካላገኘ መንገዱን ሊሸከመው አይችልም።

በሁለቱ ሥነ ጽሑፎች መካከል ልዩነትም አለ። የኢትዮጵያ ገድል ወደ ቃል ኪዳን ያመራል፤ ጻድቁ ከማረፉ በፊት ስሙን ለጠራ፣ መቃብሩን ለተሳለመ፣ ዝክሩን ላደረገ ምሕረት ይሰጠዋል። የቺሽቲዎች “መልፉዛት” ደግሞ ጉባኤ ነው፤ ዛሬ እከሌ መጣ፣ እንዲህ ተጠየቀ፣ ሼኹ እንዲህ አሉ እያለ በቀን በቀኑ ይሄዳል። የቡርሃኑዲንን ንግግር የጻፉት ከካሻን የመጡ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ ወንድማማቾች ናቸው፤ የእነሱም ስም የሚያመለክተው የሌላ አገር ከተማ ነው። እዚህ ሼኹ ስለ ረሃብ፣ ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ ሙሪድ ትዕግሥት ይናገራሉ። ተአምሩን የሚጨምረው ሕዝቡ ነው። ቡርሃኑዲን ካረፉ በኋላ ሙሪዶቹ በችግር ተያዙ፤ ሼኹም ከዳርጋው ወለል የብር ዛፍ አበቀሉላቸው፤ እየቆረጡ እየሸጡ ተረፉ ይባላል። በወለሉ ድንጋይ መካከል የሚታዩትን የብር ጉብታዎች የዛፎቹ ጉቶ ናቸው እያሉ ዛሬም ያሳያሉ። ተአምሩ የሚያምር ነው፤ ከሰማይ የወረደ መና ሳይሆን የችርቻሮ ገበያ የሚወጣ ብር ነው።

የቡርሃኑዲን ምትክ ዘይኑዲን ሺራዚ ናቸው፤ በ1369 አረፉ። ስማቸው እንደሚናገረው ትውልዳቸው የፋርሷ ሺራዝ ነው። በእሳቸው ዳርጋ የነቢዩ ሙሐመድ ነው የሚባል ልብስ በክብር ተቀምጦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በረቢዑል አወል 12፣ ለሕዝብ ይወጣል፤ ወሎዬው መውሊድ በሚያከብርበት ቀን። እነዚህ ሁሉ፣ ከዴልሂ፣ ከሺራዝ፣ ከካሻን የመጡት፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ተኙ። ከጊዜ በኋላ የጎልኮንዳ የመጨረሻው ንጉሥ አቡል ሐሰን ታና ሻህ በዳውላታባድ አምባ እስረኛ ሆኖ ሲሞት ከዚሁ ተጨመረ። በዐረብኛ ግጥሙ የታወቀው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ አዛድ ቢልግራሚም ከሰሜን ህንድ መጥቶ የእነዚህን ወሊዮች ታሪክ ጻፈና ከአሚር ሐሰን አጠገብ ተቀበረ። ኹልዳባድ ውስጥ ታላቅ ስም ያለው መቃብር ሁሉ ማለት ይቻላል ከሌላ አገር የመጣ ሰው መቃብር ነው።

ወደዚህ ኮረብታ ነው አምባር የመጣው።

የተወለደው በ1548 ገደማ ነው፤ ኢማም አሕመድ በወይና ደጋ ከወደቀ ከአምስት ዓመት በኋላ። የጦርነቱ ዘመን የባሪያ ንግዱን አስፋፍቶት ነበር፤ ከደቡብና ከምሥራቅ የሚጋዘው ሰው በምፅዋና በዘይላ ወደቦች እየተጫነ ወደ የመን ይሻገራል። የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ኢተን ትውልዱን ከከምባታ ያደርገዋል፤ ወደ ሐረር የሚወስዱትም አሉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በመጨረሻ ባግዳድ ሚር ቃሲም የተባለ ነጋዴ ዘንድ ደረሰ። ነጋዴው ብሩህነቱን አይቶ አስተማረው፤ ስሙንም አምባር አለው። ዐንበር ሽቶ ነው። ባሮችን በሽቶና በከበረ ድንጋይ ስም መጥራት የዘመኑ ልማድ ነበር፤ ያቁት፣ ካፉር፣ ዐንበር። ስሙ የዕቃ ስም ነው፤ ያወጣውም ገዢው ነው።

ወደ ዴካን ተወስዶ የገዛው ሰው ቺንጊዝ ኻን ይባላል። የአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ነበር፤ ራሱም በባርነት የመጣ ሐበሻ ነው። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አምባር ያየው የመጀመሪያው ታላቅ ሰው እንደ እሱ ተሽጦ የመጣ ነበር። የዴካን ሱልጣኖች ባሪያ ወታደሮችን የሚፈልጉት ዘመድ ስለሌላቸው ነው፤ ወንድም፣ አጎት፣ ርስት የሌለው ሰው ከጌታው በቀር የሚቆምለት የለም ተብሎ ይታሰባል። ጌታው ሲሞት ግን ያው ዘመድ አልባ ሰው ነፃ ይወጣል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ጦር ይሰበስባል፤ ልጁ ደግሞ ሐበሻ መሆኑ ቀርቶ ዴካናዊ ይሆናል። ቺንጊዝ ኻን በ1570ዎቹ አጋማሽ ሞተ፤ አምባርም ነፃ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በጎልኮንዳና በቢጃፑር ቅጥር ወታደር ሆኖ ቆየ፤ በ1595 ወደ አህመድናጋር ተመለሰ። በ1600 የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ጦር የአህመድናጋርን ምሽግ ያዘ፤ መንግሥቱ ያበቃለት መሰለ። አምባር ግን ከንጉሣውያን ቤተሰብ አንዱን ወጣት ፈልጎ ሙርተዛ ኒዛም ሻህ ብሎ አነገሠው፤ ልጁንም ዳረለት። ከዚያ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ንጉሡ በዙፋን፣ አገሩ ደግሞ በአምባር እጅ ነበር። በ1610 ከዳውላታባድ ብዙ ሳይርቅ ኺርኪ የተባለች ከተማ ቆረቆረ፤ ከኮረብታዎቹ ሥር ውሃ በመሬት ውስጥ ቦይ አስገባላት። ቦዩ እስካሁን ነህረ አምባሪ፣ የአምባር ወንዝ፣ ይባላል። በ1617 ያገኘው ሆላንዳዊው ነጋዴ ፒተር ፋን ደን ብሩከ ቁመናውንና ግርማውን አድንቆ ጽፏል።

ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ደግሞ በማስታወሻው አምባርን ከመልኩ ጥቁረት ጋር እያያያዘ ሳይሰድብ ስሙን አይጠራም። በዱብሊን ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ፣ ሠዓሊው አቡል ሐሰን የሣለው ሥዕል አለ። ጃሃንጊር በዓለም ሉል ላይ ቆሟል፤ ከፊቱ በጦር ጫፍ ላይ የተሰካ የአምባር ራስ አለ፤ ንጉሡ በቀስት ይወጋዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። ጃሃንጊር አምባርን በዓይኑ አላየውም፤ ጦሩም ሊጨርሰው አልቻለም። በ1624 አምባር በብሃትቫዲ የሙጋልንና የቢጃፑርን ጥምር ጦር ሰበረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰማንያ ሊሞላው ሲል በዕድሜው ሞተ። የጃሃንጊር ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሙዕተመድ ኻን ሳይቀር፣ ጠላትነቱን ሳይደብቅ፣ በጦር ስልትና በአስተዳደር አቻ ያልነበረው ሐበሻ ባሪያ እንደነበር መስክሮ አለፈ።

እና መቃብሩ? በቆረቆራት ከተማ መሐል፣ በራሱ ስም የሚጠራ ታላቅ ሐውልት ማቆም ይችል ነበር፤ ከተማዋ የእሱ ናት። እሱ ግን ወደ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በወርቅ ሰጪው ሼኽ ዳርጋ አቅራቢያ አሠራው። የድንጋይ ቁባ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ከላዩ ጉልላት፣ ፊቱ ላይ በረድፍ የተቀረጹ ቅስቶች። ከነገሥታት ቁባ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ አይደለም፤ ከወሊዮቹ ቀብር ጋር ሲነጻጸር ትሑት አይደለም። ወደ ሼኹ ዳርጋ የሚሄዱ ዘያሪዎች ዘወር ብለው ይዩት እንጂ ስለት አያመጡለትም። አምባር ወሊ አይደለም፤ እንደ ወሊም አልተቀበረም፤ የወሊ ጎረቤት ነው።

ኢትዮጵያዊ ሰው ማንነቱን ሲናገር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አምባር ከአባቱ በላይ መቁጠር ይችል እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለም፤ የአባቱ መቃብርም ከባሕር ማዶ ነው። ሱፊዎች ግን ሌላ ቆጠራ አላቸው። ሲልሲላ ይሉታል፤ ከሼኽ ወደ ሼኽ እየተያያዘ እስከ ነቢዩ የሚደርስ የስም ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ለመግባት ደም አይጠየቅም። የሺራዙ ሰው የካሻኑን፣ የዴልሂው የዴካኑን ይወርሳል። ዘመድ እንዳይኖረው ተደርጎ የተሸጠ ሰው፣ ገሪብ ተብለው ከሚጠሩ ሰዎች ጎን መሬት መምረጡ የፖለቲካ ብልጠት ብቻ አይመስልም። እርግጥ ብልጠትም አለበት፤ ወሊ አጠገብ ያለን መቃብር ድል አድራጊ ጠላት እንኳ ለማፍረስ ያፍራል።

ድል አድራጊው ጠላትም መጣ። የአምባር ልጅ ፈትህ ኻን በ1633 ዳውላታባድን ለሙጋሎች አስረከበ፤ መንግሥቱም አከተመ። ኺርኪ አውራንጋባድ ተባለች፤ የዴካን አገረ ገዢ በነበረው በልዑል አውራንግዜብ ስም። አውራንግዜብ ከነገሠ በኋላ ከ1681 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን 26 ዓመታት በዴካን ዘመቻ አሳለፈ፤ ወደ ዴልሂም ሳይመለስ በ1707 በአህመድናጋር ሞተ። ተሸክመው አምጥተው በዘይኑዲን ሺራዚ ዳርጋ ግቢ ቀበሩት። ከላዩ ጣሪያ የለም፤ በአፈሩ ላይ ቅጠል ይበቅላል። ዙሪያውን የከበበው የእብነ በረድ አጥር ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን ባሳሰበው መሠረት የሐይደራባዱ ኒዛም ያስገባው ነው። ራሱ ቆብ እየሰፋ ባጠራቀመው ገንዘብ እንዲቀበር ተናዘዘ ይባላል።

በቤተ መንግሥቱ ሙዚቃን የከለከለው ንጉሥ ዜማ ከሚወዱት ሼኾች ግቢ ተቀበረ። እዚህ ላይ የሚያስገርም ሌላ ነገር አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያለ ጣሪያ፣ በባርነት የመጣው ሰው በጉልላት ሥር። ሸሪዓን አጥብቆ የሚይዝ ሰው መቃብር ከፍ እንዳይል ይፈልጋል፤ በዚህ ጉዳይ ሙስሊሞች ለዘመናት ተከራክረዋል። በመዲና የበቂዕ መካነ መቃብር ጉልላቶች በ1920ዎቹ ሲፈርሱ ያፈረሷቸው ሰዎች ምክንያት ይኸው ነበር፤ በኢትዮጵያም የሼኽ ሁሴንን የመሰሉ ዚያራዎች ላይ ተመሳሳይ ተቃውሞ ተነስቷል። አውራንግዜብ በራሱ መቃብር ላይ ለአንደኛው ወገን ፈረደ፤ የቀብሩን ቦታ ሲመርጥ ደግሞ ለሌላኛው።

ዛሬ በኹልዳባድ ስለ አምባር የሚከራከር የለም፤ ክርክሩ ስለ አውራንግዜብ ነው። በ1689 የማራታውን ንጉሥ ሳምባጂን አሠቃይቶ ገድሏል፤ ቂሙ አልበረደም። በ2023 አውራንጋባድ በይፋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለች። በ2025 መጀመሪያ ስለ ሳምባጂ የተሠራ ፊልም ከወጣ በኋላ የአውራንግዜብ መቃብር ይፍረስ የሚል ጥሪ በረታ፤ መጋቢት ላይ በናግፑር ከተማ ሁከት ተነሳ፣ ሰውም ሞተ። በመንግሥት በቅርስነት የተጠበቀው መቃብር በፖሊስ ተከበበ። የኹልዳባድም ስም ይቀየር የሚል ሐሳብ ከሹማምንት አፍ ወጣ።

የሳምባጂ ቤተሰብ ከዚህ ኮረብታ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ከጠላትነት ይቀድማል። የቦስሌዎች መንደር ቬሩል ናት፤ የኤሎራ ዋሻዎች ያሉባት፣ ከኹልዳባድ በቅርብ ርቀት። የሳምባጂ ቅድመ አያት ማሎጂ ልጅ አጥቶ በአህመድናጋር ሻህ ሸሪፍ በሚባሉ ወሊ መቃብር ተሳለ፤ ሁለት ወንዶች ሲወለዱለት በሼኹ ስም ሻሃጂና ሸሪፍጂ አላቸው። ሂንዱ ነው፤ በሙስሊም ሼኽ ስም ልጆቹን ሰየመ። ይኸው ሰው በቬሩል የግሪሽኔሽዋርን ቤተ መቅደስም አሳደሰ። ማሎጂም ልጆቹም ያገለገሉት የኒዛም ሻሆችን መንግሥት ነው፤ ሻሃጂ፣ የታላቁ የሺቫጂ አባት፣ በብሃትቫዲ ከአምባር ጎን ተዋጋ፣ ወንድሙ ሸሪፍጂ በዚያው ጦርነት ወደቀ። ሐበሻው የቆረቆራት ከተማ ዛሬ የምትጠራው በጦር አጋሩ በሻሃጂ የልጅ ልጅ ስም ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በሁለቱም ወገን አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከጥሪው በታች ነው።

ኢትዮጵያውያንም በዚህ መቃብር ላይ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ በተለይ ከአገር የራቁት። “ህንድን የገዛው ሐበሻ” በሚል ርዕስ አምባር በየጊዜው ይታወሳል፤ ኦሮሞ ነው፣ ከምባታ ነው፣ ሐረሪ ነው የሚለው ክርክር ይከተላል። ኩራቱ የሚገባ ነው። ግን የቡርሃኑዲን ተከታዮች ያደረጉትን ያደርጋል፤ ግዞቱን ተልእኮ ያስመስላል፤ አምባር ኢትዮጵያን ወክሎ የተላከ ይመስላል። የሸጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይጠፋል። ቻፑን ወደ ባሕር የወሰዱት ህንዶች አይደሉም። በፋርስኛ መዛግብት “ሐበሺ” ተብሎ ሲጻፍ፣ ስሙ የተሰጠው በባሕር ማዶ ነው። በአገሩ ቢቀር፣ የደቡብ ልጅ ከሆነ፣ ደጋው ሐበሻ የሚለውን ስም አያጋራውም ነበር፤ የሚሰጠው ስም ሌላ ነው። የባሪያ ንግድ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁርጥ ብሎ የተከለከለው በ1942 ነው፤ አምባር ከተሸጠ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል። ሐበሻ ለመባል መሸጥ ነበረበት።

ሌላም ነገር አለ። በሰሜን አሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ሲሞት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይሂድ ወይ የሚል ነው። ዕድርተኛው ያዋጣል፣ ሳጥኑ በአውሮፕላን ይጫናል፤ “ለአገሬ አፈር አብቃኝ” የሚለው ጸሎት በካርጎ ይፈጸማል። ሙስሊሙ ቀብር እንዲፋጠን ስለሚታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ በሞተበት ይቀበራል፤ በጂዳ የሞተ በጂዳ፣ በሚኒሶታ የሞተ በሚኒሶታ። ሁለቱ ልማዶች ስለ አገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይናገራሉ። አምባርን “የእኛ” የሚሉት ጽሑፎች በመጀመሪያው ልማድ ያስባሉ፤ አጽሙን በቃል ጭነው ወደ ቤት ይመልሱታል። እሱ ግን መቃብሩን በሕይወት ሳለ የሠራ ሰው ነው፤ መመለስን አልጠየቀም። የጠየቀው በገሪቦች መካከል አንድ ቦታ ነው፤ አገኘውም።

ከእሱ ቁባ አጠገብ አነስ ያለ ሌላ መቃብር አለ። የሚስቱ የቢቢ ከሪማ ነው ይባላል። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ስለ አምባር ጦር፣ ስለ አምባር ግብር፣ ስለ አምባር ልጅ ክህደት ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ እሷ የሚናገረው በአመዛኙ ይህ ድንጋይና ከአፍ ወደ አፍ የመጣው ስሟ ነው። ወደ ወርቅ ሰጪው ሼኽ ለዑርስ በዓል የሚጎርፈው ሕዝብ በሁለቱ መቃብሮች አቅራቢያ ያልፋል፤ ከዘያሪዎቹ አንዳንዱ ቆም ብሎ እጁን ይዘረጋና ለሁለቱም አንድ ፋቲሃ ቀርቶ መንገዱን ይቀጥላል።